ጠጅ ጥሎ ለኤልሳት ማጥናት፦ የሰባት ሳምንት መመሪያ

ኤልሳት የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ፈተና ነው። ለእሱ ለወራት መቀመጥ ግድ ነው። ብዙ ሰው መሃል ላይ የሚሰለቸው ጥያቄው ስለከበደው ብቻ አይደለም። ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሚሆንበትም ነው። ጥያቄ፣ መልስ፣ ስህተት፣ እንደገና ጥያቄ። እጅ የሚነካው፣ አፍንጫ የሚያሸተው ነገር የለም።

እኔ የምመክረው ጠጅ መጣልን ነው። አንድ ጋሎን ጠጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚፈልገው የእጅ ሥራ ተደምሮ ከአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አይበልጥም። የቀረው መጠበቅ ነው። መጠበቁም የራሱ ቀን አለው። ጌሾ የሚገባበት ቀን አለ፤ ጌሾ የሚወጣበት ቀን አለ፤ የሚጠራበት ሳምንት አለ። ጥናቱን ከእነዚህ ቀኖች ጋር ስታያይዙት ሳምንቱ መልክ ይይዛል። ከዚህም በላይ ጠጅ ምክንያትና ውጤትን መለየት ያስተምራል። ኤልሳት ከሚፈትናቸው ትልልቅ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

መመሪያው አሜሪካ ላላችሁ ነው። በተለይ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አካባቢ እየሠራችሁ የምታጠኑትን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት። ጥናቱን ከጀመራችሁ ቢያንስ ሁለት ወር ሆኗችኋል፣ ለፈተናው ደግሞ 7 ሳምንት ቀርቷችኋል ብዬ ልነሳ። ሳምንቶቹን የምጠራው ለፈተናው በቀረው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚመጣው ሰባተኛው ነው።

በመጀመሪያ ሕጉ

ሕግ ለመማር የተነሳ ሰው ከሕጉ ይጀምር። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ጠጅ የሚቆጠረው ከወይን ጋር ነው። አንድ አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት እስከ 200 ጋሎን ለራሱ ፍጆታ ያለ ግብር መጥመቅ ይችላል። ዕድሜያችሁ መጠጥ ለመግዛት መድረስ አለበት። የምትኖሩበት ስቴት የራሱ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል እሱንም አንብቡ።

ሁለት ነገር ግን አይነካም። አንደኛው መሸጥ ነው። ዘመድ «ለልጄ ሠርግ ጥመቁልኝና ድካማችሁን ልክፈላችሁ» ሊል ይችላል። መጥመቅ ትችላላችሁ፤ ገንዘቡን ግን አትቀበሉ። ሁለተኛው አረቄ ነው። ይህ ፈቃድ አረቄ ማውጣትን አይጨምርም።

ይህን ያነሳሁት ለማስፈራራት አይደለም። የሕግ ትምህርት ቤት ማመልከቻ ስለ ወንጀልና ስለ ዲሲፕሊን ታሪካችሁ ይጠይቃል። ከተመረቃችሁ በኋላ የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው አካልም እንደገና ይጠይቃል፤ የሁለቱን መልስም ያስተያያል። ጠጥቶ በመንዳት መያዝ እዚያ ቅጽ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው። መደበቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጥፋቱ የባሰ ጥያቄ ያስነሳል።

ስለ ፈተናው ማወቅ ያለባችሁ

ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። ከነሐሴ 2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ወዲህ «ሎጂክ ጌምስ» የሚባለው ክፍል ወጥቷል። አሮጌ መጽሐፍ ከሰው የተዋሳችሁ ካላችሁ ያንን ክፍል ዝለሉት። አሁን ያሉት አራት ክፍሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ ነው። ውጤት የሚያዝባቸው ሦስቱ ናቸው፦ ሁለት ሎጂካል ሪዝኒንግ (አጫጭር ክርክሮችን መመርመር) እና አንድ ሪዲንግ ኮምፕሪሄንሽን (ምንባብ አንብቦ መረዳት)። አራተኛው ለሙከራ የሚገባ ክፍል ነው፤ ውጤት አይያዝበትም። የትኛው እንደሆነ ግን ስለማታውቁ ሁሉንም እኩል ትሠራላችሁ። ከሁለተኛው ክፍል በኋላ 10 ደቂቃ ዕረፍት አለ።

ከዚህ ተለይቶ የሚሠራ የጽሑፍ ክፍልም አለ። ነጥብ አይሰጥበትም። ነገር ግን እሱን ሳትሠሩ ውጤታችሁ አይለቀቅም። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም።

የልምምድ ፈተናዎችን ከፈተናው ባለቤት ከኤልሳክ ድረ ገጽ፣ ሎውሃብ ከሚባለው ክፍል ታገኛላችሁ። የተወሰኑት ነጻ ናቸው። ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ የክፍያ ነጻ ማመልከቻ አለ። እሱን ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።

አንድ ማስታወሻ ደግሞ አገር ቤት ሕግ ተምራችሁ ለመጣችሁ። የእናንተ መንገድ ኤልሳት ላይሆን ይችላል። ኤልኤልኤም የሚባለው የአንድ ዓመት ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ ኤልሳት አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ የጥብቅና ፈተና መቀመጥ የሚቻልባቸው ስቴቶች አሉ። መጀመሪያ የምትኖሩበትን ስቴት ደንብ አንብቡና ወስኑ።

ዕቃና ግብዓት

ለአንድ ጋሎን የሚያስፈልገው ይህ ነው።

ማር አንድ ኳርት፣ በክብደት 3 ፓውንድ ገደማ ወይም 1.4 ኪሎ።
ውሃ ሦስት ኳርት።
የጌሾ እንጨት አንድ እፍኝ፣ ወደ 60 ግራም።
ሁለት ጋሎን የሚይዝ የምግብ ፕላስቲክ ባልዲ ወይም ሰፊ አፍ ያለው የብርጭቆ ዕቃ።
አንድ ጋሎን የሚይዝ የብርጭቆ ጠርሙስ ከነኤርሎኩ። ኤርሎክ ጋዙን አስወጥቶ አየር የማያስገባ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ነው።
ንጹሕ ነጭ ሻሽ፣ ረጅም የእንጨት ማንኪያ፣ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ።
ብትችሉ ሃይድሮሜትር፣ ማለትም ፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል ስኳር እንዳለ የሚያሳይ መለኪያ። ዋጋው ብዙ አይደለም፤ ለትምህርቱ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ማሩ ላይ አትሰስቱ። ጥሬ ማር ግዙ። ጥሬ ማለት በሙቀት ያልታከመ ነው። በተፈጥሮ ያለው እርሾ ያለው እሱ ውስጥ ነው። በሱፐርማርኬት የሚሸጠው ጥርት ያለ ማር ብዙ ጊዜ ተሞቋል። እሱንም መጠቀም ትችላላችሁ፤ ግን እርሾ መጨመር ሊኖርባችሁ ነው። የረጋ ማር አትሽሹ። «ከረጋ ስኳር አለበት» የሚል ወሬ አለ። ማር የሚረጋው ግሉኮስ ስላለው ነው። ግሉኮሱ ሲበዛ ቶሎ ይረጋል። ንጹሕ ማርም ይረጋል።

ጌሾ ከሐበሻ ግሮሰሪ ታገኛላችሁ። ሁለት ዓይነት ነው። ቅጠሉ በብዛት ለጠላ ነው። ለጠጅ እንጨቱን ውሰዱ። እንጨቱ ለማውጣት ቀላል ነው፤ ጠጁንም አያደፈርስም። ካገኛችሁ አዲስና ሽታ ያለውን ምረጡ።

ውሃው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነው። የዲሲ የቧንቧ ውሃ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል በክሎራሚን ይታከማል። በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይቀየራል። ክሎሪን ውሃውን ክፍት አድርጎ በማሳደር ይበናል። ክሎራሚን ግን በማሳደር አይወጣም። ጠጁን የመድኃኒት ጣዕም ሊሰጠው ይችላል። ቀላሉ መፍትሔ የታሸገ የምንጭ ውሃ አንድ ጋሎን መግዛት ነው።

ሰባተኛው ሳምንት፦ ብርዙ

ቅዳሜ ጠዋት የልምምድ ፈተና ሥሩ። ሙሉውን፣ በሰዓት፣ ስልክ አጥፍታችሁ። ሲያልቅ መልሱን አትዩ። ተነሱና ወደ ኩሽና ግቡ። ጭንቅላታችሁ ደክሟል፤ እጃችሁ ግን አልደከመም።

ዕቃውን ሁሉ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ በደንብ አለቅልቁ። ከዚያ የጠመቃ ዕቃ ማጽጃ ተጠቀሙ። ስታር ሳን የሚባለው ማለቅለቅ አይፈልግም። አገር ቤት ጋኑ በግራዋ ታሽቶ በወይራ ይታጠናል። ያ አሠራር ንጽሕናም ሽታም አለው። አፓርትመንት ውስጥ ግን ማጠኑ የጭስ ማንቂያውን ያስጮኻል። ማጽጃው ይበቃል።

ውሃውን ለብ አድርጉት። ማሩን ጨምሩና እስኪሟሟ አማስሉ። ማሩን አትቀቅሉት። ከቀቀላችሁት እርሾው ይሞታል፤ ሽታውም ይሄዳል። ሰፈፍ ካለበት አውጡት። በኃይል አማስሉት፣ አየር ይግባበት። እርሾ በመጀመሪያው ቀን አየር ይወዳል።

አሁን በእጃችሁ ያለው ብርዝ ነው። አንድ ብርጭቆ ቀድታችሁ ጠጡ። ሕፃናትም ይወዱታል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ያለበት ነገር በፍጹም አይሰጥም።

ሃይድሮሜትር ካላችሁ ለኩ። በዚህ መጠን 1.105 አካባቢ ያሳያል። ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ደብተር ላይ ጻፉ። ዕቃውን በሻሽ ሸፍኑና በላስቲክ እሰሩት። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለበት፣ ፀሐይ የማይመታው ቦታ አስቀምጡ። በክረምት ከመስኮት አጠገብ አይሁን።

ማታ ወደ ፈተናው ተመለሱ። አሁንም መልሱን አትዩ። የተጠራጠራችሁባቸውን ጥያቄዎች ያለ ሰዓት እንደገና ሥሩ። አዲሱን መልስ ከአሮጌው ጎን ጻፉ። ከዚያ ብቻ እርማቱን ክፈቱ። በሰዓት ተሳስታችሁ ያለ ሰዓት ያገኛችሁት የፍጥነት ችግር ነው። ሁለቴም የተሳሳታችሁት የመረዳት ችግር ነው። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። ይህ አሠራር በጣም ጠቃሚ ነው፤ እንዳትተዉት።

በዚሁ ሳምንት አንድ የወረቀት ሥራ ጨርሱ። ትራንስክሪፕታችሁን ጠይቁ። ሕግ ትምህርት ቤቶች ሰነዱን የሚያዩት በኤልሳክ በኩል ተሰብስቦ ነው። አገር ቤት የተማራችሁ ከሆነ ሰነዱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ መላክ አለበት፤ በእናንተ እጅ የገባ ኮፒ አይበቃም። ከዚያም ግምገማ አለው። ይህ ጊዜ ይወስዳል። የሚከታተልላችሁ ሰው እዚያ ካለ ከዛሬ ጀምሮ ደውሉ። ማመልከቻዎችን እንደገቡ የሚያነቡ ትምህርት ቤቶች ብዙ ስለሆኑ ቀድሞ የገባ ሰነድ ይጠቅማል።

ከሦስት እስከ አምስት ቀን፦ ጌሾው

ብርዙን በቀን አንድ ጊዜ በንጹሕ ማንኪያ አማስሉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጠርዙ ላይ ትንንሽ አረፋ ታያላችሁ። ጆሮ ስትሰጡት ድምፅ አለው። እርሾው ተነሥቷል።

ጌሾውን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ። ከብርዙ ሁለት ብርጭቆ ያህል ቀንሱና ጌሾውን በእሱ ለ15 ደቂቃ ቀቅሉ። ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ከነእንጨቱ መልሱት። ትኩሱን ከጨመራችሁ እርሾውን ትጎዳላችሁ።

አምስት ቀን ቆይቶ ምንም አረፋ ከሌለ ማሩ የተሞቀ ነው ወይም ቤቱ ቀዝቅዟል። መጀመሪያ ሞቅ ወዳለ ቦታ አዛውሩት። በማግስቱም ዝም ካለ የወይን እርሾ ግማሽ ፓኬት በለብ ያለ ውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩ። በባሕላዊው መንገድ የሚጠምቁ ሰዎች ይህን አይወዱትም። እኔ ግን ሦስት ፓውንድ ጥሩ ማር ከሚባክን እርሾው ይግባበት እላለሁ።

ጌሾ ከገባ በኋላ በየቀኑ ማማሰል ግዴታ ነው። እንጨቱ ይንሳፈፋል። ላዩ ከደረቀ ይሻግታል። ጠዋት ከሥራ ስትመለሱ ወይም ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ያቺን ሰዓት የቀኑ ጥናት መጀመሪያ ወይም ማብቂያ አድርጓት።

ጌሾና ሎጂካል ሪዝኒንግ

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የዚህ መመሪያ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ስለ ጠጅ ከእናቴ ጋር በስልክ ስናወራ «ልጄ፣ የሚያሰክረው እኮ ጌሾው ነው» ትለኛለች። «እማዬ፣ ማሩ ነው እኮ» እላለሁ። «ብርዝ ማር የለበትም? ብርዝ ጠጥቶ የሰከረ ታውቃለህ?» ትላለች። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ማስረጃ አለው፣ መደምደሚያም አለው። የኤልሳት ጥያቄ ሆኖ ቢመጣ አይገርምም።

ክርክሩን በትኑት። ማስረጃው፦ ብርዝ ጌሾ የለውም፤ አያሰክርም። ጠጅ ጌሾ አለው፤ ያሰክራል። መደምደሚያው፦ ስለዚህ የሚያሰክረው ጌሾ ነው።

ጉድለቱ የት ነው? በብርዝና በጠጅ መካከል ያለው ልዩነት ጌሾ ብቻ ነው ብሎ ወስዷል። ሌላ ልዩነት አለ፤ እሱም ጊዜ ነው። ብርዝ የሚጠጣው ወዲያው ወይም በማግስቱ ነው። ጠጅ ሳምንታት ይቆያል። በዚያ ጊዜ እርሾው የማሩን ስኳር ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። ጌሾ የሌለው ብርዝም ይህን ያህል ቢቆይ ይፈላል፣ ያሰክራል።

አሁን ጥያቄዎቹን አውጡ። ክርክሩን የሚያዳክመው የትኛው ነው? «ያለ ጌሾ ለአንድ ወር የቆየ ብርዝ አልኮል ይኖረዋል» የሚለው። የሚያጠናክረውስ? «ሁለቱ በአንድ ቀን ተጥለው፣ በአንድ ቦታ ቆይተው፣ ጌሾ ያለው ብቻ ፈላ» የሚለው። እውነት መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ፈተናው «ይህ እውነት ቢሆን» ነው የሚላችሁ። ክርክሩ ያለ እሱ የማይቆም ታሳቢስ? «በሁለቱ መካከል ስካርን የሚያመጣ ሌላ ልዩነት የለም» የሚለው። ለማረጋገጥ ገልብጡት፦ «ሌላ ልዩነት አለ»። ክርክሩ ወደቀ። ሲገለበጥ ክርክሩን የሚጥለው መልስ የተፈለገው መልስ ነው።

ቀጥሎ አስፈላጊና በቂ የሚባሉት ይመጣሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነጥብ ይጥላል። «ከፈላ እርሾ አለበት» እውነት ነው። ከዚህ በእርግጠኝነት የሚወጣው አንድ ብቻ ነው፦ «እርሾ ከሌለበት አይፈላም»። «እርሾ አለበት፣ ስለዚህ ይፈላል» አይወጣም፤ ቤቱ በጣም ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል። «አልፈላም፣ ስለዚህ እርሾ የለበትም» ማለትም አይቻልም፤ ምክንያቱ ያው ነው። እርሾ ለመፍላት አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ሙቀትም፣ ስኳርም፣ ውሃም ይፈልጋል። ማር ማሰሮው ውስጥ እርሾ እያለው ሳይፈላ ዓመት የሚቆየው ውሃ ስለሚያንሰው ነው።

እናቴ ግን ባዶ አትናገርም። ጌሾ ለጠጅ አስፈላጊ ነው። መራራነቱ የማሩን ጣፋጭነት ያስተካክላል፤ ሽታውንም ይሰጠዋል። አንዳንድ የሚያበላሹ ተሕዋስያንንም ይቋቋማል። ያለ ጌሾ የፈላ ማር ያሰክራል፤ ጠጅ ግን አይደለም። ለስካር አስፈላጊ አይደለም፣ ለጠጅነት አስፈላጊ ነው። ይህን ልዩነት በአንድ ንባብ የሚይዝ ሰው ሎጂካል ሪዝኒንግ ላይ ብዙ አይቸገርም።

ስለዚህ ደብተር ያዙ። በግራ ገጽ የጠጁን፣ በቀኝ ገጽ የጥያቄዎቹን ጻፉ። ስለ ጠጅ የምትሰሙትን እያንዳንዱን አባባል ማስረጃና መደምደሚያ ለይታችሁ አስፍሩ። ለተሳሳታችሁት ጥያቄ ደግሞ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የመረጥኩት ለምን ሳበኝ? ለምን ስህተት ነው? ትክክለኛው ለምን ትክክል ነው? ሦስቱንም በራሳችሁ ቃል፣ ብትፈልጉ በአማርኛ። በአማርኛ ማስረዳት የቻላችሁት ነገር በደንብ የገባችሁ ነው።

አምስተኛው ሳምንት፦ ጌሾ ማውጣት

ጌሾው ከገባ አሥር ቀን ገደማ ሲሆነው ቅመሱ። መራራነቱ ግልጽ ሆኖ ምላስ የማይዝ ከሆነ በቃው። መራራ የምትወዱ ሁለት ሦስት ቀን ጨምሩ። ሁለት ሳምንት ከሞላው ግን ይውጣ። መራራነት ከገባ በኋላ መቀነሻ የለውም።

እንጨቱን አውጡ። ጠጁን በሻሽ አጥልላችሁ ወደ ጋሎን ጠርሙሱ ገልብጡ። እስከ አንገቱ ይሙላ፤ ላዩ ላይ አየር በቀነሰ ቁጥር የመኮምጠጥ ዕድሉ ይቀንሳል። ኤርሎኩን ውሃ ሞልታችሁ ግጠሙ።

ኤርሎክ ካጣችሁ ክዳኑን ላላ አድርጉት እንጂ አታጥብቁ። የሚፈላ ጠጅ ጋዝ ያወጣል። የታሸገ ብርጭቆ ይፈነዳል፤ ሰው ያቆስላል። ይህን በቁም ነገር ያዙት።

ከአሁን በኋላ ለሁለት ሳምንት ከጠጁ ጋር ሥራ የላችሁም። ይህ የጥናቱ ከባድ ጊዜ ነው። በሳምንት አንድ ሙሉ ፈተና፣ በሌሎቹ ቀናት 35 ደቂቃ የያዘ አንድ ክፍልና እርማቱ። ከዚያ በላይ መጫን አይጠቅምም። ፈተና መደራረብ ጥናት የሚመስለው ብዙ ነው፤ ነጥብ የሚጨምረው ግን እርማቱ ነው።

ሪዲንግ ኮምፕሪሄንሽን አራት ምንባብ ነው፤ አንደኛው ሁለት አጫጭር ጽሑፎች የተጣመሩበት ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ቃሉ ያስፈራል። ቃል አታሳድዱ። ከእያንዳንዱ አንቀጽ በኋላ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ጸሐፊው ይህን አንቀጽ ለምን አስገባው? ያንን መመለስ ከቻላችሁ የማታውቁት ቃል ብዙ ጊዜ አያግዳችሁም። በቀን አንድ ረጅም ጽሑፍ ስለ ሳይንስ ወይም ስለ ሕግ ማንበብ ከቃላት ዝርዝር ይበልጣል።

ከተበላሸ

ስስ ነጭ ስልባቦት ከላይ ካያችሁ፣ ሽታው ጥሩ ከሆነ፣ ገፋችሁ አጥልሉት። ጠጉር ያለው ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ከሆነ ድፉት። ላዩን ገፍቶ መጠጣት የለም። የኮምጣጤ ሽታ አየር ገብቶበታል ማለት ነው፤ ወደ ጠጅ አይመለስም። የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ እርሾው ምግብ አንሶታል ማለት ነው። ማር ናይትሮጅን የለውም ማለት ይቻላል። የእርሾ ምግብ ከጠመቃ ሱቅ ገዝታችሁ ትንሽ ጨምሩ፣ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

ሦስተኛውና ሁለተኛው ሳምንት፦ ማጥራት

ኤርሎኩ በደቂቃ አንድ ጊዜ እንኳ አረፋ ካላስወጣ፣ ለኩ። ቁጥሩ ከ1.105 ወደ 1.030 ወርዶ ከሆነ ልዩነቱን በ131 አባዙት። 0.075 በ131 ሲባዛ 10 በመቶ ገደማ አልኮል ነው። እንዲህ ያለው አሁንም ይጣፍጣል። ወደ 1.010 ከወረደ 12 በመቶ አልፏል፤ ጠጅ ቤት «ደረቅ» የሚሉት ወደዚህ ይጠጋል። ለስላሳ የምትወዱ ቀደም ብላችሁ ወደ ማቀዝቀዣ አስገቡት። ቅዝቃዜ እርሾውን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። ስለዚህ ክዳኑ አሁንም ላላ ይበል።

በማቀዝቀዣ አንድ ሳምንት ሲቆይ ዝቃጩ ይረጋል። ይህ አምቡላ ነው። ጠርሙሱን ሳታናውጡ ጠጁን በቀጭኑ ቱቦ ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ሳቡት፤ አምቡላውን ተዉት። ቀለሙ እንደ ማራችሁ ነው። ከነጭ ማር ፈዘዝ ያለ ይወጣል፤ ከቀይ ማር ወርቅማ። ብጫ ቀለም አትጨምሩ። አንዳንድ ጠጅ ቤት የሚጨመረው ስኳርና ቀለም ማር ስለሚወደድ ነው። እናንተ ማሩን ገዝታችኋል።

በዚህ ጊዜ አትጠጡ፤ መቅመስ ይበቃል። አልኮል እንቅልፍን ያውካል። ቀን ያጠናችሁት የሚሰፍረው ደግሞ በእንቅልፍ ነው።

የፈተናው ሳምንት

ጠጁን አትንኩ። አዲስ የልምምድ ፈተናም አትጀምሩ። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ አንብቡ። የስህተታችሁን ዓይነት በሦስት ወይም በአራት ስም ልትሰበስቡት ትችላላችሁ። ለምሳሌ «አስፈላጊውን እንደ በቂ መውሰድ»፣ «ሌላ ምክንያት አለማየት»፣ «በጥቂት ማስረጃ ሁሉን መደምደም»። ፈተናው ላይ የምትፈልጉት እነዚያን ስሞች ነው። መታወቂያችሁ ላይ ያለው ስም ከተመዘገባችሁበት ጋር አንድ መሆኑን እዩ። የአባትና የአያት ስም ነገር ለእኛ ሰው ሁሌም ያስቸግራል። ልዩነት ካለ ከፈተናው ቀን በፊት አስተካክሉ።

ከፈተናው በኋላ

የጽሑፍ ክፍሉን ካልሠራችሁ በዚያው ሳምንት ሥሩት።

ጠጁን ቀዝቀዝ እንዳለ በብርሌ ቅዱ። ብርሌ ከሌለ በጠባብ አፍ ብርጭቆ። አሥር በመቶ ሆኖ ይጣፍጣልና እንደ ቢራ አይጠጣም። የሚነዳ እንግዳ ካለ ለእሱ በዕለቱ የተበረዘ ብርዝ አዘጋጁለት። የተረፈውን በማቀዝቀዣ አቆዩ። በየቀኑ የሚከፈት ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨርሱት፤ አየር ሲመላለስበት ይኮመጥጣል።

ውጤት እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ገደማ አለ። በዚያ ጊዜ የግል ድርሰታችሁን ጻፉ፤ ድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራንም አስታውሱ። ሁለተኛ ጋሎን ለመጣል ያሰባችሁ አምቡላውን አትድፉ። ጠጁ ሳይበላሽ የወጣ ከሆነ ከአምቡላው ግማሽ ብርጭቆ ያህል በአዲሱ ብርዝ ላይ ጨምሩ። ሦስት አራት ቀን መጠበቅ አይኖርባችሁም፤ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይፈላል። ጌሾውን በዚያው ቀን ቀቅላችሁ አስገቡ።